መጋጠሚያው የት ገባ? ተጨማሪ የአካል ክፍሎችን ከመኪና ቦዲ ጋር ስለማዋሐድ

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ



የዛሬው ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ ዕለት አንድ ወዳጄ የሆኑ መምህር፣ «ፋኩልቲው ስለ ስቱኮም ንግግር ማሰማት ጀመረ እንዴ?» ሲሉ ቀልደውብኛል። ቀልዱን ወድጄዋለሁ፤ መልሴም «አዎን፣ ዘግይቶም ቢሆን ጀምሯል» የሚል ነበር። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በጎተራ በኩል ወደ ሳሪስ፣ ወይም በላፍቶ አድርጋችሁ ወደ ለቡ ብትጓዙ፣ በየመንገዱ ዳር የተፈታ በር፣ ግራጫ ፕራይመር የተቀባ ኮፈን፣ ግማሽ ጎኑ በጋዜጣ የተሸፈነ ቪትስ ታያላችሁ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ያለ ሽቦ ከሚሠራው ቴሌግራፍ ሲሆን፣ ዛሬ በስሙ የሚጠሩ የቀለም ፋብሪካና ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አሉ። ስለ መኪና አካል ለመናገር ከዚህ የተሻለ ቦታ ለመፈለግ መድከም ያለብኝ አይመስለኝም።

ጥያቄዬ ይህ ነው። በሌላ ስፍራ፣ ከሌላ ቁስ የተሠራ አካል፣ ማለትም ሰፋ ያለ ፓራፋንጎ፣ ዝቅ ያለ ፓራውልት፣ ከበሮች ሥር የሚገባ የጎን ክፍል ወይም የኋላ ስፖይለር፣ ከመኪናው የብረት አካል ጋር ሲጋጠም፣ መጋጠሚያው እንዳይታይና እንዳይሰነጠቅ ማድረግ የሚቻለው እንዴት ነው? በአንድ ዐረፍተ ነገር የቀረበ ቢመስልም ጥያቄው ሁለት ነው። «እንዳይታይ» የሚለው የዓይንና የእጅ ጉዳይ ነው፤ «እንዳይሰነጠቅ» የሚለው ደግሞ የቁስ ባሕርይ ጉዳይ ነው። የመጀመሪያውን የዚህ ሰፈር ባለሙያዎች ከማንኛችንም አብልጠው ያውቁታል። ሁለተኛውን እኛ በየሴሚስተሩ እናስተምረዋለን፤ ነገር ግን ከግቢያችን አጥር ውጭ አውጥተነው አናውቅም። በእነዚህ በሁለቱ ዕውቀቶች መካከል ያለውም መጋጠሚያ የተሰነጠቀ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ደግሞ መኪናውን የሚገዛውና በውስጡ የሚሳፈረው ሰው ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃላቱ ጥቂት ልበል፤ ቃላቱ ታሪኩን ይዘውታልና። ላሜራ፣ ባትላሜራ፣ ስቱኮ፣ ስፓቶላ፣ ፓራፋንጎ፣ ፓራውልት፣ ኮፈን፣ ትራፓኖ፣ ሴጌቶ፣ ቱቦላሬ፤ እነዚህ ሁሉ ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። የጣሊያን ወረራ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ቢቆይም፣ በመንገድ ሥራውና በጋራዡ የገባው የሙያ ቋንቋ ከወራሪው ጦር ጋር አብሮ አልወጣም። ብርጭቆ ወረቀት የምንለው ስም እንኳ የጣሊያንኛው ቀጥተኛ ትርጉም ነው። ሆኖም የሙያው እምብርት የሆነው ቃል የራሳችን ነው፤ እርሱም «ቅጥቅጥ» ነው።

ቅጥቅጥ የሚለውን ስም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የአይሱዙ የጭነት መኪና ሻንሲ ይወሰድና በላዩ ላይ በአገር ውስጥ የተሠራ የአውቶቡስ አካል ይሰቀልበታል። አጽሙ ቱቦላሬ ነው፤ ልብሱ በመዶሻ ተቀጥቅጦ ቅርጽ የያዘ ላሜራ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ከእርሱ አስቀድሞ የፒካፕ ጀርባ ላይ አግዳሚ ወንበር ተገጥሞ ተሳፋሪውን ፊት ለፊት የሚያቀማምጥ «ውይይት» የሚባል ታክሲ ነበረን። ስለዚህ የፋብሪካን መኪና ቆርጦ ሌላ አካል መቀጠል ለአዲስ አበባ ከውጭ አገር ቪዲዮ የተቀዳ የወጣቶች ፋሽን አይደለም። ዛሬ በኮሮላና በቪትስ ላይ ቦዲ ኪት የሚገጥመው ወጣት፣ ቢያውቀውም ባያውቀውም፣ የቅጥቅጥ ሠሪዎች የልጅ ልጅ ነው።

ልዩነቱ ግን አለ። የቅጥቅጥ ሠሪ ብረትን ከብረት ጋር ነው የሚያጋጥመው። ብረትና ብረት በሙቀት እኩል ይለጠጣሉ፣ እኩል ይኮማተራሉ፤ ተበይደው ሲገናኙም አንድ አካል ይሆናሉ። ቦዲ ኪት ግን በአብዛኛው ብረት አይደለም። በአንድ ወገን በፖሊስተር ሬንጅ የተጠገበ ፋይበር ግላስ አለ፤ በሌላ ወገን ኤ ቢ ኤስ የሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ አለ፤ በሦስተኛ ወገን የፋብሪካ ፓራውልቶች በብዛት የሚሠሩበት ፖሊፕሮፒሊን አለ። ሦስቱም ቀለም ከተቀቡ በኋላ ለዓይን አንድ ይመስላሉ፤ ለፀሐይ ግን አንድ አይደሉም።

እስቲ ስሌቱን አብረን እንሥራው፤ ተማሪዎች ብዕር አውጡ። አንድ ሜትር ብረት ሙቀቱ በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጨምር በግምት 12 ማይክሮን ይረዝማል። አንድ ሜትር ፋይበር ግላስ እንደ አሠራሩ 25 ማይክሮን ገደማ፣ ኤ ቢ ኤስ 80 ማይክሮን ገደማ፣ ፖሊፕሮፒሊን ደግሞ 100 ማይክሮንና ከዚያም በላይ ይረዝማል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአዲስ አበባ ንጋት ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል፤ በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ያረፈበት ጥቁር ቀለም ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። የ40 ዲግሪ ልዩነት እንውሰድ። ከበር ሥር የሚገባው የጎን ክፍል ርዝመቱ 1.5 ሜትር ይሁን። ብረቱ 0.7 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ፋይበር ግላሱ 1.5 ሚሊሜትር። የኤ ቢ ኤስ ፕላስቲኩ ግን 4.8 ሚሊሜትር ይረዝማል። እንግዲህ በፕላስቲኩና በብረቱ መካከል የ4 ሚሊሜትር ጠብ አለ፤ ይህ ጠብ በየቀኑ ጠዋት ይጀመራል፣ በየቀኑ ማታ ይቆማል፣ በማግሥቱ ደግሞ ይቀጥላል። በመካከላቸው የገባው ስቱኮ ሽማግሌ ሆኖ እንዲያስታርቃቸው ተልኳል። ነገር ግን ስቱኮ ጠንካራና ተሰባሪ ቁስ ነው፤ መለጠጥ አያውቅም። መሰንጠቁ የባለሙያው እጅ ድካም ተደርጎ ይወሰዳል፤ በእውነቱ ግን እጁ ከመጀመሪያውም ሊያሸንፈው የማይችለው ነገር ነበር።

የዛሬው ንግግር ፍሬ ነገር በዚህ ስሌት ውስጥ አለ ብዬ አምናለሁ። ፋይበር ግላስን ከብረት ጋር ያለ መጋጠሚያ ማዋሐድ ይቻላል፤ አስቸጋሪ ቢሆንም ይቻላል። ረጅም የፕላስቲክ ክፍልን ከብረት ጋር ያለ መጋጠሚያ ማዋሐድ ግን ጊዜን ከመግዛት አያልፍም። ደንበኛው «መስመሩ እንዳይታይ አድርገህ ሥራልኝ» ብሎ ፕላስቲክ ይዞ ሲመጣ፣ ትክክለኛው መልስ «መስመሩን ቀጥ አድርጌ እሠራልሃለሁ» የሚል ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ፤ ፋይበር ግላስ ፓራፋንጎ ከብረት ጎን ጋር የሚዋሐድበትን እናስብ። ሥራው ከስቱኮ አይጀምርም። አስቀድሞ ክፍሉ ያለ ማጣበቂያ፣ በብሎን ብቻ ተይዞ ይሞከራል፤ በር ተከፍቶ ይዘጋል፤ መሪ እስከ መጨረሻ ተጠምዝዞ ጎማው እንዳይነካ ይታያል። በእጅ የተሠራ ፋይበር ግላስ በቀኝና በግራ አንድ ሆኖ እምብዛም አይወጣም፤ ስለዚህ ልኩ የሚወሰደው ከክፍሉ ሳይሆን ከመኪናው ነው። ልክ ያልመጣውን በስቱኮ ለመሙላት የሚያስብ ሰው ገና ከመነሻው ተሸንፏል። አንድ ቦታ 10 ሚሊሜትር ስቱኮ የሚጠይቅ ከሆነ የሚስተካከለው ክፍሉ ነው፤ ይቆረጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይሠራል። የስቱኮ ውፍረት ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ቢያልፍ ዕድሜው ያጥራል።

ቀጥሎ የሚመጣው የብረቱ ዝግጅት ነው። ቀለሙ እስከ ባዶው ብረት ድረስ ይነሣል፤ ዝገት ካለ ይወገዳል፤ ቅባት በሚገባ ይጠረጋል። እዚህ ላይ በየጋራዡ የማየውን አንድ ልማድ ልንካው። የፋይበር ግላስ ምንጣፍ በፖሊስተር ሬንጅ ተነክሮ በቀጥታ በባዶ ብረት ላይ ይለጠፋል። ፖሊስተር ግን ከብረት ጋር ያለው ጓደኝነት ደካማ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ከዳር ይነሣል፤ በተነሣው ዳር እርጥበት ይገባል፣ ከሥር ዝገት ይጀምራል። ኢፖክሲ ግን ብረትን አጥብቆ ይይዛል፣ ሲደርቅም እምብዛም አይኮማተርም። ዋጋው ከፍ ያለ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ለመላው ክፍል ሳይሆን ለመጋጠሚያው ብቻ የሚፈለገው መጠን ጥቂት ነው፤ ሥራው ከተሰነጠቀ በኋላ እንደገና ከሚሠራበት ወጪ ጋር ሲነጻጸር ደግሞ እጅግ ጥቂት ነው።

የክፍሉ ጠርዝም ቀጥ ብሎ መቆረጥ የለበትም፤ እንደ ቢላዋ ስለት እየሳሳ መጥቶ በብረቱ ላይ መተኛት አለበት። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ጠርዝ ኃይሉን ሁሉ በአንዲት መስመር ላይ ያሳርፋል፤ እየሳሳ የሚመጣ ጠርዝ ግን ኃይሉን በሰፊ ቦታ ላይ ያካፍላል። አውሮፕላንና ጀልባ የሚጠግኑ ሰዎች ይህን በጥብቅ ሕግ ይሠሩታል፤ የቁሱን ውፍረት ብዙ እጥፍ የሚሆን ርቀት ወስደው ነው ጠርዙን የሚያሳሱት። ከዚያም ክፍሉ በማጣበቂያና በሪቬት፣ ማለትም በሁለት መንገድ ይያዛል፤ ሪቬቱ ማጣበቂያው እስኪደርቅ ድረስ ያቆየዋል፣ ከደረቀም በኋላ ዳሩ እንዳይላጥ ይጠብቃል።

ስቱኮው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ማድረቂያው በክብደት ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። በየጋራዡ ግን የሚለካው በዓይን ነው፤ በቀዝቃዛ ቀን «ቶሎ ይድረቅ» ተብሎ ይበዛል። የበዛው ማድረቂያ በስቱኮው ውስጥ አያልቅም፤ ከሳምንታት በኋላ በቀለሙ በኩል ወጥቶ ቢጫ ወይም የነጣ እድፍ ይሆናል። ደንበኛውም ቀለም ቀቢውን ይወቅሳል። በአሥር ብር ሚዛን የሚፈታ ችግር ነው ብል ማጋነን ይሆናል፤ በአንዲት የወጥ ቤት ሚዛን የሚፈታ ችግር ነው ብል ግን አልተሳሳትኩም።

ሌላው ጠላት ውሃ ነው። ስቱኮ በውስጡ ጥሩ የዱቄት ድንጋይ አለበት፤ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይጠጣል። በውሃ እየነከሩ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አቧራን ይቀንሳል፣ ለቀለም ገጽ መልካም ነው፤ ለስቱኮ ግን መርዝ ነው። የጠጣው ውሃ በቀለም ሥር ይታሰራል፤ በፀሐይ ጊዜ ወደ እንፋሎትነት ሲለወጥ ቀለሙን እንደ እንጀራ ዓይን ያነሣዋል። በክረምት ወራት ደግሞ ውሃ ባይነካውም እንኳ አየሩ ያረጥበዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ በሸራ ጣራ ሥር የሚሠራ ባለሙያ ስቱኮውን ፈግፍጎ በዚያው ዕለት በፕራይመር ካልዘጋው፣ ያልዘራውን ያጭዳል።

ስለ እጅም መናገር አለብኝ፤ በዚህ ላይ ግን እኔ ተማሪ ነኝ። ወጣቶቹ «ጋሼ» የሚሏቸው አንድ ባለሙያ ሲሠሩ ቆሜ ተመልክቻለሁ። ስስ ጨርቅ በመዳፋቸው ሥር አድርገው፣ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው፣ እጃቸውን ከብረቱ ወደ ፋይበሩ ያሻግሩታል። አንድ ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ በእርሳስ ያከባሉ፤ ዓይኔ እዚያ ምንም አላየም። ጨርቁ ሰበቃን ይቀንሳል፣ መዳፍ ደግሞ ሲንሸራተት ከሚሊሜትር አሥረኛ ያነሰን ከፍታ እንኳ ይለያል። ከዚያ ረጅሙን የእንጨት መፈግፈጊያ ያነሣሉ። አጭር መፈግፈጊያ ጉድጓዱን ተከትሎ ይወርዳል፤ ረጅሙ ግን በሁለት ጉብታዎች ላይ ተንጠላጥሎ ጉብታውን ብቻ ይበላል። በስቱኮው ላይ በስሱ የተረጨ ጥቁር ቀለም ካለ፣ ጉድጓዱ ጥቁር ሆኖ ይቀራል። ይህን ዘዴ ማንም መጽሐፍ አላስተማራቸውም።

ከእጁ ቀጥሎ ብርሃን ይፈርዳል። ባለሙያው የኔኦን መብራት ነጸብራቅ በአካሉ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ያያል። ነጸብራቁ በመጋጠሚያው ላይ ቢሰበር፣ ሁለቱ ገጾች ተገናኝተዋል እንጂ በአንድ አቅጣጫ አይሄዱም። ነጸብራቁ ባይሰበርም ድንገት ቢታጠፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ይሄዳሉ እንጂ ጉብጠታቸው እኩል አይደለም። እኛ በሒሳብ ክፍል ውስጥ የቦታ፣ የአቅጣጫና የጉብጠት ቀጣይነት ብለን በሦስት ደረጃ የምናስተምረው ይኸው ነው። የዲዛይን ባለሙያዎች በኮምፒውተር ላይ ባለ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር መስመር የሚፈትሹትን፣ እርሳቸው በአንድ የኔኦን መብራት ይፈትሹታል። ስለዚህ መጋጠሚያን ለማጥፋት ጉድጓዱን መሙላት አይበቃም፤ ጉብጠቱን ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ ርቆ መሄድ ያስፈልጋል። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ መስመሩን ብቻ ይሞላሉ፣ መስመሩም ወደ ጉብታ ይለወጣል።

የቀለሙን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አዲስ አበባ በ2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚህ የተነሣ ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ምት የሚስበው አየር ያነሰ ነው፤ ቲነሩም ፈጥኖ ይተናል፤ በበጋ ደረቅ አየር ደግሞ የቀለሙ ጠብታ ተዘርግቶ ሳይተኛ ይደርቅና ገጹ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። በዝግታ የሚተን ቲነር መምረጥ፣ ባልዲው ላይ የተጻፈው መመሪያ ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ባላለ አገር የተጻፈ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሜታሊክ ቀለም ሲሆን ደግሞ አዲሱን ቀለም በመጋጠሚያው ላይ ማቆም አይቻልም፤ እያሳሱ ወደ ጎረቤቱ ክፍል ማስገባትና ጥርቱን ቫርኒሽ በመላው ክፍል ላይ መርጨት ግድ ነው። ፖሊፕሮፒሊንን በሚመለከት፣ ልዩ ማጣበቂያ ፕራይመር ካልተቀባ በላዩ ላይ ምንም ቢቀባ እንደ ቆዳ ይላጣል፤ ፕላስቲኩ ያልተቀባበት ጊዜ በውሃ ጠብታ ይታወቃል፣ ጠብታው አይዘረጋም፣ ድብልብል ብሎ ይቆማል።

አሁን ወደ አንድ የሚያከራክር ነጥብ ልምጣ። መጋጠሚያ መታየት ያሳፍራል ወይ? በሰፈራችን ጋራዦች ውስጥ ያሳፍራል። «መስመሩ ታየ» ማለት ሠሪው አይችልም ማለት ነው። በዚህ አልስማማም። ራሱ ፋብሪካው መጋጠሚያ ይተዋል፤ በበርና በፓራፋንጎ መካከል ያለውን ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር ክፍተት ማንም አያፍርበትም። በብዙ መኪኖች ጣራና ጎን የሚገናኙበት ቦይ በጥቁር ጎማ ተሸፍኖ እናየዋለን፤ ፋብሪካው ያንን ሁሉ ማሽን ይዞ መጋጠሚያውን ከመደበቅ ማልበስን መረጠ። በጃፓን የሰፊ ፓራፋንጎ ሠሪዎች ብሎኑን ሳይቀር በግልጽ ያሳዩታል፤ ያም የራሱ ውበት ሆኗል። በአሜሪካ ደግሞ በ1940ዎቹ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የመኪና አስጊያጮች መጋጠሚያን በቀለጠ እርሳስ እየሞሉ ያጠፉ ነበር፤ በኋላ ፖሊስተር ስቱኮ መጥቶ ሥራውን አቀለለው። እርሳስና ብረት ግን ሁለቱም ማዕድን ናቸው፤ እርሳስ ለስላሳ ነው፣ ከብረቱ ጋር አብሮ ይታጠፋል። የዚያ ዘመን የማይታይ መጋጠሚያ ለረጅም ጊዜ የቆየው የሠሪዎቹ እጅ ከእኛ ባለሙያዎች እጅ ስለበለጠ አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ስንጥቅ ነው፤ ስንጥቅ ገንዘብ ያስከፍላል። የሚያሳስበኝ ግን የማይሰነጠቀው ነው። ሰፊ ፓራፋንጎ ለመግጠም የብረቱ የጎማ ቅስት ይቆረጣል። ያ ቅስት የውጭና የውስጥ ሁለት ላሜራዎች በነጥብ ብየዳ የተያያዙበት ቦታ ነው። ከተቆረጠ በኋላ ሁለቱ ካልተበየዱና ጠርዙ ካልታሸገ፣ ከጎማው የሚረጨው ጭቃ በመካከላቸው ይገባል፤ ከላይ ያማረ፣ ከሥር ግን የሚበሰብስ አካል ይሆናል። ከፓራውልቱ ፕላስቲክ ኋላ ደግሞ ግጭትን የሚቀበል የብረት አሞሌ አለ፤ አዲሱ ፓራውልት ዝቅ ብሎ እንዲገባ ተብሎ አሞሌው ሲቆረጥ ወይም ሲወጣ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ቀለም ይቀባል። የሚያይ ሰው የለም።

ይህ ለምን አሁን ያስጨንቀናል? በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ያሉን የነዳጅ መኪኖች ከእጅ ወደ እጅ እየዞሩ ገና ረጅም ዘመን ያገለግላሉ። ገዢው መኪና ሲያይ በጣቱ ያንኳኳል፣ ማግኔት ያስጠጋል፤ ማግኔቱ ካልያዘ ስቱኮ አለበት ይላል። መልካም ዘዴ ነው፤ የቀለም ውፍረት መለኪያ ያለው ደግሞ የበለጠ ያውቃል። የፋብሪካ ቀለም በብዙ መኪኖች ላይ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ መለኪያው 1,000 ካነበበ ከሥር ሌላ ታሪክ አለ። ነገር ግን ማግኔትም መለኪያም ስቱኮ መኖሩን እንጂ ከስቱኮው ሥር ያለው ብረት በደንብ መበየዱን አይነግሩም። ይህን የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ባለሙያው ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት መጋጠሚያውን በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ለደንበኛው ይስጠው፤ ፎቶው ከሊብሬው ጋር ይቀመጥ፤ መኪናው ሲሸጥ አብሮ ይሸጥ። ጥሩ የሠራ ሰው የሚደብቀው የለም፤ እንዲያውም ከቀለም ሥር ገብቶ የቀረው ሙያው በዚህ ይታይለታል።

በቅጥቅጦቹ ላይ ነገሩ ይብሳል። አውቶቡስ ሲገለበጥ ተሳፋሪውን የሚያተርፈው የጣራውና የጎኑ አጽም ነው። ተባበሩት መንግሥታት ያወጣው 66ኛው ደንብ አውቶቡሱን ከ800 ሚሊሜትር ከፍታ መድረክ ላይ ገልብጦ አጽሙ ወደ ተሳፋሪው ክልል መግባት አለመግባቱን ይፈትሻል። አጽሙ በሚበየድበት ዕለት ላሜራው ገና አልለበሰም፤ ከለበሰና ከተቀባ በኋላ ግን የብየዳውን ጥራት ማየት የሚቻለው በአደጋ ቦታ ብቻ ነው።

ስለ ሠሪውም ልናገር። ሁለት ክፍል ያለው ቀለም፣ ማለትም ማድረቂያ የሚጨመርበት፣ በማድረቂያው ውስጥ አይሶሳያኔት የሚባል ንጥረ ነገር አለበት። ይህ ንጥረ ነገር በሚረጭበት ጊዜ ወደ ሳንባ ይገባል፤ አንዳንዱን ሰው ለዕድሜ ልክ አስም ይዳርገዋል። አካሉ አንዴ ከተቆጣ በኋላ ኢምንት እንኳ ይበቃዋል። በአፍንጫ ላይ የሚታሰረው ጨርቅም ሆነ የወረቀት ጭምብል አቧራን ይከለክል ይሆናል፣ ተንን አይከለክልም። ለጋዝ የተሠራ ማጣሪያ ያለው ጭምብል ከዚህ ይሻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ከውጭ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚቀበለው ነው። የፋይበር ግላስ ብናኝም ቆዳን ከማሳከክ አልፎ ሳንባን ያስቸግራል። ቀለም በሚረጭበት ክፍል ውስጥ ጋዜጣ የሚይዘው ረዳት ብዙ ጊዜ የአሥራ ስድስት ወይም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው። ለኮምፕሬሰሩ የውሃ ማጣሪያ የገዛ ጋራዥ ለዚህ ልጅ ጭምብል አልገዛም፤ ምክንያቱም ውሃው ቀለሙን ያበላሻል፣ የልጁ ሳል ግን ቀለሙን አያበላሸውም። ይህን ስል እዚህ ያላችሁ ባለሙያዎች እንዳትቀየሙኝ። እኛም በራሳችን ወርክሾፕ ውስጥ ተማሪዎቻችን ያለ ጭምብል ሲበይዱ እናያለን።

ቀጥቃጭ የሚለው ቃል በአገራችን ለረጅም ዘመን ስድብ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ባለ እጅን መሳደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገራቸው ይታወቃል። ስድቡ ከአደባባይ ቢጠፋም፣ ከዩኒቨርሲቲ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ገና አልጠፋም እላለሁ፤ ስለ ላሜራ የሚጻፍ የማስተርስ ጽሑፍ ሳይ «ይህ ለኮሌጅ ይመጥናል» የሚል አስተያየት በዳሩ ተጽፎ አግኝቻለሁና። እጅግ አስቸጋሪ የሆነ የቁስ ሳይንስ ጥያቄ፣ ማለትም በሙቀት የተለያዩ ሁለት ቁሶች በአንድ ስስ ሽፋን ሥር እንዴት አብረው ይኖራሉ የሚለው፣ ከግቢያችን በር ሃምሳ ሜትር ርቀት ላይ በየቀኑ እየተሞከረ ነው። መዝገብ የሚይዝ ብቻ ነው የጠፋው።

ስለዚህ በተግባር የምንጀምረውን ነግሬአችሁ ላብቃ። በወርክሾፑ ጣራ ላይ አሥራ ሁለት የሙከራ ሰሌዳዎች እንሰቅላለን። በየአንዳንዱ ላይ የብረት ላሜራ ከሌላ ቁስ ጋር ይጋጠማል፤ አራቱ በፋይበር ግላስ፣ አራቱ በኤ ቢ ኤስ፣ አራቱ በፖሊፕሮፒሊን። ከየአራቱ ሁለቱ በፖሊስተር፣ ሁለቱ በኢፖክሲ ይሠራሉ። ከሁለቱም አንደኛው ስቱኮው በውሃ፣ ሌላው በደረቁ ይፈገፈጋል። መጋጠሚያዎቹን የምንሠራው እኛ አይደለንም፤ ዛሬ እዚህ የተገኛችሁ ባለሙያዎች ናችሁ፣ የእጅ ዋጋችሁም ይከፈላል። የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች በየሳምንቱ ዓርብ ጣራ ላይ ወጥተው ሙቀቱን ይመዘግባሉ፣ ስንጥቁን በማጉያ መነጽር ይለካሉ። ሰሌዳዎቹ በግንቦት መጨረሻ ይሰቀላሉ፤ ክረምቱን በሙሉ እዚያው ይከርማሉ፤ ውጤቱም በአማርኛ ተጽፎ በየጋራዡ በር ላይ ሊለጠፍ በሚችል በአንድ ገጽ ይወጣል። ስማችሁን ለማስመዝገብ የምትፈልጉ መዝገቡ ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አለ።

አሁን ጥያቄ እቀበላለሁ፤ በመጀመሪያ ግን ከኋላ የተቀመጡት ባለሙያዎች ዕድሉን ይውሰዱ።